ስድስት ሰው፣ ስድስት ክኒን

ባለፈው ማክሰኞ የኛን ሰውዬ አስከትዬ እዚሁ ላሊበላ ጤና ጣቢያ ሄጄ ነበር። ሰሞኑን ራሱን ያዞረዋል፤ ሲጠየቅ ግን «ምንም አልሆንኩ» ነው መልሱ። በባጃጅ እንሂድ ብዬ ብለምነው «ለዚህች መንገድ?» አለና አቀበቱን በእግሩ ወጣው። ደርሰን ሲለካ ግፊቱ ጣራ ነክቷል። ከፊሉ የአቀበቱ ሳይሆን አይቀርም ብዬ ለነርሷ ነገርኳት፤ አላመነችኝም። አሳርፋ ደግማ ለካችው፤ ያው ነው።

ነርሷ የመጨረሻ ልጄን የምታህል፣ ቀጠን ያለች፣ ቃሏን እንደ አስተማሪ እየረገጠች የምትናገር ናት። ክኒኑን በትንሽ ከረጢት አድርጋ ለእሱ ሳይሆን ለእኔ ሰጠችኝ፤ ሰው ታውቃለች ማለት ነው። «በቀን አንድ፣ ጠዋት ጠዋት። ተሽሎኛል ብለው እንዳያቋርጡ። ደግሞ እማማ፣ ይኼ የእሳቸው ብቻ ነው። ግፊት አለብኝ ላለ ጎረቤት ሁሉ እንዳያካፍሉት» አለችኝ።

ሳቄ መጣ። ልይዘው ብል አልያዝ አለኝ፤ ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ትከሻዬ እስኪንቀጠቀጥ ሳቅሁ። የኛ ሰውዬ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የክትባት ወረቀት የሚያነብ መስሎ ፊቱን አዞረ። ልጅቱ የተቀየመችኝ መሰለኝ። ምን ብዬ ላስረዳት? ነገሩ ከሠላሳ ዓመት በላይ ያለፈው ነው፤ ከኋላችን ደግሞ ወረፋው ረዝሟል። ይቅርታ ጠይቄያት ወጣሁ። ለእሷ ያልነገርኳትን እዚህ ልንገር።

ያኔ ሃያ ዓመቴ ነበር። ቤታችን ከአሸተን ማርያም ጀርባ፣ ገደሉን ዞሮ፣ ጠዋት ጠዋት ደመናው ከእግር በታች የሚተኛበት ቦታ ነው። በዚያ ዓመት መስከረም ሳይጋመስ ገብሱን ውርጭ መታው። ገብሱ የተመታበት ደገኛ የሚያደርገው ነገር የታወቀ ነው፤ ማጭዱን ይዞ ቆላ ይወርዳል። መተማ በኩል ሰሊጥ ደርሷል የሚል ወሬ ሲመጣ ታላቅ ወንድሜ አያ ሞገስ ሰው አሰባሰበ። ሁለቱ የአጎታችን ልጆች፣ ፈንታው የሚባለው ራሱ ሳይስቅ ሰው የሚያስቅ ጎረቤታችን፣ የእማሆይ ትርንጎ ልጅ ደሳለ፣ እሱ ራሱ። እኔ ስድስተኛ ሆኜ የገባሁት ለምግቡ ነው።

እዚህ ላይ ስለ እጄ ልናገር፤ ጉራ ቢመስልም ይምሰል። አባቴ የማርያም ማኅበራቸው ሙሴ ነበሩ፤ አለቃው ማለት ነው። ካህኑ ዳቦውን ባርከው ከቆረሱ በኋላ ለማኅበርተኛው የሚያካፍሉት እሳቸው ናቸው። በሬ ካለው ፊት የምትቀመጠውም፣ በሬ ከሌለው ፊት የምትቀመጠውም ቁራሽ እኩል ናት፤ ልክፋ ያለ እንኳ ስህተት አያገኝባትም። ያን እጅ ነው የወረስኩት። ሽሮ ስጨልፍ፣ ቂጣ ስቆርስ፣ ማንም ወደ ማንም ድርሻ አይመለከትም። «የሺ እጇ አያዳላም» ይሉኝ ነበር፤ እኔም ይህን ስሰማ ቁመቴ የሚጨምር ይመስለኝ ነበር።

ልንወጣ ስንል እማሆይ ትርንጎ ደጃችን መጡ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ቆብ የጫኑ፣ ከደሳለ ሌላ ልጅ የሌላቸው ሴት ናቸው። ወንድሜን አላናገሩትም። እኔን ወደ አጥሩ ጥግ ወሰዱኝ።

«የምትሰፍሪው አንቺ ነሽ አሉ።»

«አዎ እማሆይ።»

«የኔ ልጅ ዓይነ አፋር ነው። ቢርበው አይናገር፣ ቢያመው አይናገር። ጨምሩልኝ ብሎ አያውቅም። ኸሌላው አስበልጪው አይደለም የምልሽ፤ እንዳይቀርበት ነው። አደራሽን፣ በእግሩ እንደሄደ በእግሩ መልሺልኝ።»

«በማርያም፣ እመልስልዎታለሁ» አልኳቸው። በሃያ ዓመት አደራ መቀበል ቀላል ነው። ጉልበታቸውን ስሜ ስነሳ ደሳለ ማዶ ቆሞ፣ እናቱ እኔን ምን እንዳሉኝ የገባው ይመስል፣ መሬት መሬቱን ያያል።

እስከ ጋሸና በጭነት መኪና፣ ጆንያ ላይ ተቀምጠን ሄድን። ከዚያ ነፋስ መውጫን፣ ደብረ ታቦርን አልፈን ጎንደር አደርን። ስንቃችን በሶ፣ ድርቆሽና ቆሎ ነበር፤ የበሶውን ቋጠሮ የምይዘው እኔ ስለሆንኩ መኪናው በዘለለ ቁጥር ሁሉም የሚጠይቀው ስለ ቋጠሮው እንጂ ስለ እኔ አልነበረም። ከጎንደር ወዲያ ቁልቁለቱ ሲጀምር ሙቀቱ ከታች እየመጣ ተቀበለን። ጋቢው ከየትከሻው ወረደ። ፈንታው መንገዱ በታጠፈ ቁጥር አንድ ልብስ እያወለቀ «ይኼ ቁልቁለት ኸቀጠለ እኔ እንጃ፤ ሴት አብራን አለች» ይላል። አያ ሞገስ እንኳ፣ የመሪ ነገር ሆኖበት ኮስተር ብሎ የተሳፈረው፣ ሳቁ አመለጠው።

ሜዳውን ሳይ ደነገጥኩ። አገራችን ላይ ዓይን ሩቅ የሚሄደው ወደ ታች ነው፤ እዚያ ግን ወደ ፊት ይሄዳል፤ የሚያቆመው ነገር የለም። ሰሊጡ እስከ ሰማዩ ጫፍ ተዘርግቷል። እንደ እኛ ከደጋ የመጣውን ሠራተኛ እዚያ «ሳሉግ» ይሉታል። የሚያሠራን ካቦ ቁመቱ አጭር፣ ድምፁ ረጅም ሰውዬ ነበር። «የት ነው የምናድረው?» ብሎ አያ ሞገስ ሲጠይቀው እጁን ወደ ሜዳው ዘረጋ። ሌላ ነገር ያሳየን መስሎን ስንጠብቅ እሱ ሄዷል።

ዳሳችንን በሣርና በላስቲክ ራሳችን ቀለስን። የት? ኩሬው ዳር። ደገኞች አይደለን፤ ውሃ ስንቀዳ የኖርነው ገደል ወርደን አቀበት ወጥተን ነው። ውሃ ከደጅ ሲገኝ ገነት የገባን መሰለን። የቀደሙት ሠራተኞች ዳሳቸውን ለምን ራቅ አድርገው እንደሠሩ ለመጠየቅ እንኳ አላሰብንም። እንዲያውም አዘንንላቸው። «እነዚህ ሞኞች ውሃውን ትተው ምን ጉብታ ላይ አወጣቸው?» አለ ፈንታው። ቢምቢው ሌሊቱን ሙሉ ሲዘፍንልን አደረ፤ እኛም ጋቢያችንን ተከናንበን፣ በላብ ተጠምቀን፣ የቆላ ነገር እንዲህ ነው ብለን ቻልነው።

ሥራው ጎህ ሲቀድ ይጀመራል። ሰሊጥ ጊዜው ሲደርስ ፋታ አይሰጥም፤ አንድ ሁለት ቀን ካለፈው ፍሬው የተቋጠረበት ይከፈትና መሬት ላይ ይረግፋል። ወንዶቹ እያጨዱ ያስራሉ፤ ነዶውን ራስ ለራስ አደጋግፈው እንዲደርቅ ያቆሙታል፤ ሂላ ይሉታል። እኔ ውሃ እቀዳለሁ፣ የማሽላ ቂጣ እጋግራለሁ፣ ሽሮ አበስላለሁ። ፀሐይዋ ገና ረፋድ ላይ ትከሻ ታከብዳለች። ውሃው የኩሬ ነው፤ ነጠላዬን አጥፌ አጠልለውና ደህና ይመስለኛል። ሆዳችን ግን አልመሰለውም፤ ይህን ያህል ብዬ ልለፈው።

ያም ሆኖ ደስ የሚል ኑሮ ነበር ብል ሰው ይታዘበኝ ይሆናል። ነበር። ስድስታችን አንድ ትሪ ከበን ስንቀመጥ የአገራችን ወሬ ይነሳል፤ የአጎቴ ልጆች አጨዳ ላይ ዘፈን ይቀባበላሉ፤ ማዶ ያለው ቡድን ይመልሳል። አዲስ የታጨደ ሰሊጥ ሽታም ልብ ያባባል። ደሳለ ብዙ አያወራም። ግን ከትሪው ሲነሳ ሁልጊዜ እቃውን አንስቶልኝ ነው የሚሄደው። ሌሎቹ ይህን አይተው ይጠቃቀሳሉ፤ እኔም አላየሁም እላለሁ።

ሁለተኛው ሳምንት ላይ ደሳለ ዝም አለ። መቼም ዝምተኛ ስለሆነ ማንም ልብ አላለም። እኔ ያወቅሁት በቂጣው ነው፤ ቁራሹን ግማሽ አድርጎ የቀረውን ቀስ ብሎ ወደ ፈንታው ሲገፋ አየሁት። ስጠይቀው «ጠግቤ ነው» አለኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እሱ ሦስት ቀን ደበቀው። በአራተኛው ቀን ቀትር ላይ፣ እኛ ጥላ ፍለጋ በምንሯሯጥበት ሐሩር፣ ሂላ ሥር ጋቢ ተከናንቦ ጥርሱ እየተንገጫገጨ አገኘነው።

በትራክተር ተሳቢ ጭነን መንደሩ ድረስ ወሰድነው። እዚያ በአንዲት የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ሰይድ የሚባሉ ድሬሰር ነበሩ፤ ያኔ የጤና ረዳቱን ድሬሰር ነበር የምንለው። ከወዴት እንደመጣን ጠየቁን። ላስታ ስንላቸው ፊታቸው በራ። «እኔም ኸመርሳ ነኝ። እንግዲያ ዘመድ ናችኋ» አሉና ደሳለን ዓይኑን ገልጠው፣ ሆዱን ዳስሰው አዩት። ወባ ነው አሉ። አሥር ክኒን ቆጠሩ። አራቱን እዚያው ቂጣ አስበልተው አስዋጡት፤ ስድስቱን በደብተር ወረቀት ጠቅልለው ለእኔ ሰጡኝ። «ነገ አራት፣ ኸነገ ወዲያ ሁለት። ሳይበላ እንዳይውጥ» አሉኝ። በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ዛሬም አልሰማሁም ብዬ አላመካኝም።

በማግስቱ ደሳለ ላብ በላብ ሆኖ ነቃ፤ ትኩሳቱ የለም። ተነስቶ ፊቱን ታጠበ፣ ማጭዱን ያዘ፣ ሥራ ገባ። እኛም ሰይድን መረቅናቸው። ምሳ ላይ የተጠቀለለውን ወረቀት አውጥቼ ትሪው መሃል ፈታሁት፤ አራቱን ልሰጠው ስል እሱ እጁን ሰበሰበ።

«እኔማ ድኛለሁ» አለ። «ደግሞ ይኼ ቢምቢ የኔ ብቻ ነው እንዴ? እናንተንም በልቷችኋል። ተካፈሉት።»

«ኧረ ያንተ ነው» አልኩት።

«ብቻዬን አልበላም» አለ። እናቱ ቢሰሙት ይገርማቸው ነበር፤ ያን ቀን ያህል ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

ፈንታው አንገቱን አስግጎ ወረቀቱ ላይ ያሉትን ቆጠረ። «ስድስት ናቸው» አለ። ከዚያ እኛን ቆጠረ። «እኛም ስድስት ነን።»

እግዜር ራሱ ቆጥሮ የላከው ነበር የመሰለን። አገራችን ላይ ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል እየተባልን ነው ያደግነው፤ ክኒን ለብቻ ይበላል ያለን ሰው አልነበረም። ሰይድ ተናግረዋል፤ ግን እሳቸው የተናገሩት ስድስታችንን ከትሪው ዙሪያ ሳያዩ ነው አልኩ በልቤ። እውነቱን ልናገርና፣ ሌላም ነገር ነበር። እኩል ሲደርስ ማየት እወድ ነበር። አንድ ለአንድ፣ ሳይተርፍ ሳይጎድል፤ እጄ ራሱ ቸኮለ። አካፈልኳቸው። አያ ሞገስ «ማርያም ትማረን» ብሎ ባረከ፤ ሁላችንም በአንድ ላይ ዋጥነው። መራራነቱ የሁላችንንም ፊት አጣመመ፤ ፈንታው «የወጡ ጨው አነሰ» አለ። እንዴት ያለ ደስ የሚል ምሳ ነበር።

በስድስተኛው ቀን ትኩሳቱ ተመለሰ። ያሁኑ እንደ መጀመሪያው አልነበረም። የዓይኑ ነጭ ቢጫ ሆነ፤ የሰጡትን ውሃ ያስመልሰዋል፤ ከረፋድ በኋላ እኔን «እማዬ» ብሎ ጠራኝ። ከአጥሩ ጥግ የሰጠሁት ቃል፣ «በእግሩ መልሺልኝ» ያሉት ድምፅ፣ ጆሮዬ ላይ መጥቶ ተቀመጠ።

ትራክተሩ ያን ቀን ርቆ ሄዷል። ካቦው መጥቶ ከላያችን ቆመ። «ሁለት ሰው ይውሰደው፣ ሌሎቻችሁ እጨዱ። ሰሊጡ እየረገፈ ነው» አለ።

አያ ሞገስ ጋቢውን ከሁለት እንጨት ጋር እያሰረ ቃሬዛ ይሠራ ነበር፤ ቀና አላለም። «ሰሊጥ ይርገፍ። ሰው አይርገፍ» አለ። ስድስት ሆነን መጥተን ነበር፤ አምስታችን አንዱን ተሸክመን ሄድን። ወንዶቹ አራት ጫፍ ይዘው፣ እኔ ከጎኑ ቅጠል እያራገብኩ። ካቦው ተናዶ ቆየና ጥቂት እንደራቅን ከኋላችን ሮጦ ደረሰ፤ ይመልሰናል ስንል የራሱን የውሃ ኮዳ አንገቴ ላይ አንጠልጥሎልኝ ተመለሰ።

ሰይድ ደሳለን አልጋ ላይ አስተኝተው መርፌ ከወጉት በኋላ ወደ እኛ ዞሩ።

«የቀረውን ክኒን ውጦታል?»

ሁላችንም ወደ መሬት አየን። የመለሰው ፈንታው ነው።

«ውጠነዋል» አለ።

«ውጠነዋል ማለት?»

«አንድ አንድ ደረሰን።»

ሰይድ በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ። ተራ በተራ አዩን፤ አያ ሞገስን፣ ፈንታውን፣ የአጎቴን ልጆች፣ በመጨረሻ እኔን። ልጮህ ነው የሚል ፊት ነበራቸው፤ መሃል ላይ ከንፈራቸው ተሸነፈ። «ወላሂ የወሎ ሰው» አሉ ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ «ክኒን ሳይቀር ያካፍላል።» ከዚያ ግን ሳቁ ጠፋ። «ስሙኝ ልጆቼ። በሽታውን እባብ በሉት። ጭራውን መትታችሁ ተዋችሁት። ስድስታችሁ ዋጣችሁ፤ አንዳችሁንም አልጠቀመ። እህል ሲካፈሉት ይበረክታል። መድኃኒት ሲካፈሉት ይመክናል።»

ወጥቼ ደጃፉ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። በሕይወቴ ያኔ ያፈርኩትን ያህል አፍሬ አላውቅም። የኮራሁባት እጄ ናት ይህን ያደረገችው። ሰይድ ወጥተው አጠገቤ ቆሙ።

«አካፋዩ አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ። እጄ አያዳላም ይሉኛል።»

«እንግዲያ ማዳላት ልመጂ» አሉኝ። «እስኪድን ድረስ ኸሁሉ እሱን አስበልጪ። በቀን ሦስት ጊዜ፣ ሰባት ቀን ሙሉ፣ ኸምግብ በኋላ። ምግቡ ጠንከር ያለ ይሁን። አንዲቷም ክኒን ለሌላ ሰው አፍ እንዳትገባ። ዳሳችሁ የት ነው?»

«ኩሬው ዳር።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ደሳለ ሁለት ቀን እሳቸው ጋ ተኝቶ ወጣ። እስከዚያ ወንዶቹ ዳሱን ነቅለው ጉብታው ላይ፣ ሞኞች ካልናቸው ሰዎች አጠገብ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ተከሉት። ውሃ ሳላፈላ ለማንም አልሰጥም አልኩ፤ ፈንታው «ኸዚህ ሁሉ ሙቀት ላይ የፈላ ውሃ!» ብሎ ቢያማርርም ጠጣ፤ ሆዱ ሲረጋ ማማረሩን ተወ። ማዶ ያለው ቡድን አይቶ ድስቱን ይዞ እሳቴ ዳር መምጣት ጀመረ።

ያልቻልኩት ደሳለን ነበር። ሰሊጥ ቆልቼ፣ ወቅጬ፣ በሙቅ ውሃ በጥብጬ አዘጋጅለታለሁ። ፈንታው ወጥመድ አጥምዶ ቆቅ ያዘለት፤ እሷን ቀቅዬ በአንዲት ሳህን ለብቻው አቀረብኩለት። ሳህኗን ያያል፣ እኛን ያያል። «በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ብቻዬን?» ይላል። ዞር ብንልለት ለካ የአጎቴን ልጆች ያጎርሳቸዋል፤ እነሱም የታመመ ሰው ጉርሻ እንዴት ይመለሳል ብለው ይጎርሳሉ። ክኒኑንም መዳፉ ላይ አድርጎ እያየ ይቆያል። ሰባት ቀን በዚህ ዓይነት እንዴት ያልቃል? ተቆጣሁት፣ ለመንኩት፣ እናቱን ጠራሁበት። አንገቱን ይደፋል፤ በስንት ጭቅጭቅ ነው የሚውጠው።

ነገሩ የተፈታው ሳላስበው ነው። ከወጣ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሰሊጥ ስወቅጥ እሱ ክኒኑን ይዞ ፊት ለፊቴ ተቀምጧል። ተሰላችቼ ከሙቀጫው በጣቴ ጫፍ ቆንጠር አደረግሁና «በቃ፣ አብረን» ብዬ አፌ ውስጥ ጨመርኩ። አየኝ። ክኒኑን ወደ አፉ ወረወረና ዋጠው።

ምሳ ላይ ለሁሉም በየመዳፋቸው አንድ ቁንጣሪ የተቆላ ሰሊጥ ሰጠኋቸው፤ ለእሱ ክኒኑን። ዳር እስከ ዳር ተያየን። አያ ሞገስ «ማርያም ትማረን» አለ፤ ስድስታችን በአንድ ላይ አፋችን ውስጥ ጨመርን። ፈንታው ሰሊጡ እንደመረረው ሰው ፊቱን አጣሞ «ኧረ ሬት ነው» አለ። ደሳለ ሳቀ፤ ከታመመ ወዲህ የመጀመሪያው ሳቁ ነበር። ከዚያ በኋላ የሳህኑንም ነገር እንዲሁ አደረግነው፤ እሱ ሥጋውን ሲበላ እኛ ሰሊጣችንን አንድ በአንድ እያኘክን አጠገቡ እንቀመጣለን። በቀን ሦስት ጊዜ፣ ሰባት ቀን። አንዲት ክኒን አልጠፋችም። ካቦው አንድ ቀን አይቶን «የባለቤቱን ሰሊጥ ጨረሳችሁት» አለ፤ ምክንያቱን ሲሰማ መዳፉን ዘረጋ። ለእሱም ቆንጥሬ ሰጠሁት።

ኅዳር ላይ ተመለስን። ከጋሸና ወዲህ ብርዱ ፊታችንን ነካን፤ የአገር ብርድ እንዲህ ደስ እንደሚል ያኔ ነው ያወቅሁት። አምስታችን ፀሐይ ጠብሶን፣ ከስተን፣ አንገታችን ቀጥኖ ነበር። ደሳለ ግን፣ የታመመው ሰው፣ ጉንጩ ሞልቶ፣ ወዝቶ ገባ። በእግሩ።

እማሆይ ትርንጎ ከደጃቸው ሆነው ሲመጣ አዩት። እልል አላሉም፤ ሴትዮዋ እንዲህ ዓይነት ሰው አይደሉም። ጉንጩን በሁለት እጃቸው ይዘው መረመሩት፤ ከዚያ እኛን፣ የከሳነውን፣ አዩ። መቁጠሪያቸውን ይዘው ወደ እኔ መጡ።

«የሺ፣ አዳልተሽለታል እንዴ?»

ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ክኒኑን፣ ትሪውን፣ ወረቀቱን፣ «እማዬ» ብሎ የጠራኝን። አንዳች አልደበቅሁም። «መጀመሪያ እኩል ሰፍሬ ልገድልብዎ ነበር። ኋላ አዳላሁ» አልኳቸው።

መቁጠሪያቸውን ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩ። ከዚያ ራሴን ዳበሱና «እንግዲህ እንዳዳላሽለት ኑሪ» አሉኝ። መጀመሪያ ምርቃት መስሎኝ ነበር። ሽማግሌ ሲልኩ ነው የገባኝ።

የኛ ሰውዬ ማን እንደሆነ እንግዲህ ገብቷችኋል።

አሁንም መስከረም ሲጋመስ ከዚህ ከላሊበላ ልጆች ተሰብስበው ይወርዳሉ። አጎበር የያዘም አለ፤ ስልክማ ሁሉም ይዟል። የጎረቤቶቼ ልጆች ሲሰናበቱኝ ሁልጊዜ የምላቸው አንድ ነገር አለችኝ፤ ዳሳችሁን ከውሃ አርቁ፣ እህል ተካፈሉ፣ መድኃኒት አትካፈሉ። አሮጊት ናት ብለው ይስቃሉ። እኔ ግን አባቴ ከነሙሴነታቸው ያላስተማሩኝን ነገር ከዚያ ሜዳ ይዤ ተመልሻለሁ። እኩል መስፈር ቀላል ነው፤ ቆጥሮ ማካፈል ነው። የጎደለበትን ለይቶ ለእሱ ማብዛት ግን ሰውን ማየት ይጠይቃል። እጄ አያዳላም እያልኩ በምኮራበት ዘመን ዓይኔ ሰው አያይም ነበር።

የነርሷን ክኒን ይዘን በመጣን ማግስት ጠዋት ቁርሱን አቀረብኩለት። በላ። ክኒኑን መዳፉ ላይ አድርጌለት ወደ ጓዳ ገባሁ። ስመለስ ያው ተቀምጧል፤ ክኒኑም መዳፉ ላይ ነው።

«ምነው አልዋጥከውም?»

ራሰ በራ ሆኖም ያንኑ አንገቱን ይደፋል። የመጨረሻ ልጃችን ከበሩ ላይ ሆና «አባዬ ምን እየጠበቀ ነው?» አለችኝ። እኔ አውቄዋለሁ። ወደ ጓዳ ተመልሼ ከመደርደሪያው ላይ ማሰሮዋን አወረድኩ፤ ሰሊጥ ከቤቴ ጠፍቶ አያውቅም። ቆንጠር አድርጌ መጥቼ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ።

«በል፣ አብረን» አልኩት።